ሰውን ረከቦት ላይ ማቆም፦ በአረንጓዴ ጨርቅ ሰውን የማሳነስና የማግዘፍ ዝርዝር መመሪያ

ለገጣፎ የምኖርበት ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቱዲዮ ይሆናል። የሰፈር ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚያሳዩኝ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር አለበት። እህታቸውን አሳንሰው ጠረጴዛ ላይ አቁመዋታል። ከኋላዋ የነበረውን አረንጓዴ ጨርቅም አፑ በደንብ አጥፍቶታል። ግን ልጅቷ ትንሽ ሰው አትመስልም፤ ከፎቶ ተቆርጣ የተለጠፈች ነው የምትመስለው። ከዚያ አፕ ይቀይራሉ። አሁንም ያው ነው።

ችግሩ ያለው አፑ ላይ አይደለም፤ ልኬቱ ላይ ነው። ጠረጴዛውን ከላይ ወደ ታች ቀርጻችሁ ልጅቷን ፊት ለፊት ከቀረጻችሁ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ አፕ የለም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ስለ ሜትር ነው። እባካችሁ እሱን አትዝለሉት።

የምንሠራው ትዕይንት ይህ ነው፦ እናት ቡና ታፈላለች። ረከቦቱ ላይ ከሲኒዎቹ መሀል 17 ሳንቲሜትር የምታህል ሴት ቆማ ቀና ብላ ታያታለች። ይህን ከቻላችሁ ግዙፍ ሰው መሥራት የዚሁ ግልባጭ ነው፤ እሱንም ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

1. ዕቃ ማሰባሰብ

ጨርቁ። 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው ጨርቅ 10 ሜትር ግዙ። ለሁለት ቆርጣችሁ ጎን ለጎን ስታሰፉት 3 ሜትር በ5 ሜትር ይሆናል። ግማሹ ይሰቀላል፣ ግማሹ መሬት ላይ ይነጠፋል። መርካቶ ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ አትግዙ። ሳቲን ብርሃን መልሶ ስለሚወረውር ካሜራው ነጭ ሽንትር ያይበታል። ሁለተኛ፣ የወታደር ልብስ ዓይነት ጠቆር ያለ አረንጓዴ አትግዙ። የምትፈልጉት የበቀለ ገብስ የመሰለ ደማቅ አረንጓዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለውን መብራት አትመኑ፤ ጨርቁን ደጅ አውጥታችሁ በስልካችሁ ካሜራ እዩት።

አረንጓዴ የሚመረጠው በከንቱ አይደለም። የስልክ ካሜራ ሴንሰር ላይ ካሉት ነጥቦች ግማሾቹ አረንጓዴ ብርሃን የሚያነብቡ ናቸው። ስለዚህ ካሜራው ከሁሉም ቀለም አረንጓዴን አጥርቶ ያያል።

መስቀያው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በቁም፣ አንድ በአግድም። ጨርቁን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። የአጣናዎቹን እግር በብሎኬት አስጠግታችሁ ደግፉ። ቆርቆሮ አጥር ላይ በቀጥታ አትስቀሉ። የቆርቆሮው ሸንተረር በጨርቁ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲያርፍበትም ነጸብራቁ ሰውየው ላይ ይመለሳል።

ሌላው። የአናጢ ሜትር፣ ፕላስተር፣ ካርቶን፣ መቀስ፣ የስልክ ማቆሚያ፣ ገመድና ትንሽ ድንጋይ። ድንጋዩን በገመዱ ካንጠለጠላችሁት ግንበኞች ቱምቢ የሚሉት ይሆናል፤ ስልኩ ቀጥ ብሎ መቆሙን የምታዩት በእሱ ነው።

ልብሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የሀበሻ ቀሚሱ ጥበብ ውስጥ አረንጓዴ ክር ካለ፣ ጥበቡ ላይ ቀዳዳ ይወጣል። ቀሚሱን መቀየር ካልፈለጋችሁ ጨርቁን ሰማያዊ አድርጉት። ነጠላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለው አረንጓዴ በውስጡ ያልፋል፤ ዳር ዳሩም ይበላል። ነጠላ የግድ ከሆነ አጥፋችሁ ደርቡት፤ ካልሆነ በጋቢ ተኩት። የባንዲራ ቀለም ያለው አምባርና የአንገት ክር ይውለቅ።

2. አንዱን ቁጥር መወሰን

ይህ የሥራው ልብ ነው።

የተዋናይዋን ቁመት ለኩ። 1 ሜትር ከ70 ናት እንበል። 17 ሳንቲሜትር እንድትሆን ከፈለጋችሁ ቁጥራችሁ 10 ነው። ከዚህ በኋላ ረከቦቱ ጋ የምትለኩት ነገር ሁሉ በ10 ይባዛል፦

- ስልኩ ትንሿ ሴት ከምትቆምበት ቦታ 60 ሳንቲሜትር ከራቀ፣ ተዋናይዋን ስትቀርጹ 6 ሜትር ይራቅ።
- ስልኩ እሷ ከምትቆምበት ወለል 9 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ፣ ተዋናይዋን ስትቀርጹ ከመሬት 90 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል።
- የስልኩ ዘንበል አይባዛም። በሁለቱም ቦታ እኩል መሆን አለበት። ቀላሉ መንገድ በሁለቱም ቦታ ስልኩን በቱምቢ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው።

ከፍታና ርቀት የሚለካው ከካሜራው ዓይን ነው፤ ከስልኩ ጫፍ ወይም ከማቆሚያው እግር አይደለም። 9 ሳንቲሜትር ላይ 1 ሳንቲሜትር ብትሳሳቱ፣ ጨርቁ ጋ ስትደርሱ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል።

ግቢው ጠባብ ከሆነስ? ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ቤት ወይም በኮንዶሚኒየም ነው፤ 6 ሜትር ባዶ ቦታ አይገኝም። ቁጥሩን ቀንሱ። 1 ሜትር ከ20 የምትሆን ልጅ ብትተውን፣ 17 ሳንቲሜትር ለማድረግ ቁጥራችሁ 7 ብቻ ነው። 60 ሳንቲሜትሩ 4 ሜትር ከ20 ይሆናል። ልጆች ለዚህ ሥራ የሚመቹት ለዚህም ጭምር ነው። ርቀቱን ማጭበርበር ግን አይቻልም። ቀርባችሁ ቀርጻችሁ በአፕ ብታሳንሱ፣ ጭንቅላቷና እግሯ የማይገጥሙ ሆነው ትቀራለች።

3. መጀመሪያ ቡናውን መቅረጽ

ሁልጊዜ ከዳራው ጀምሩ። አረንጓዴው ጋ የምታዘጋጁት ብርሃን ዳራው ላይ ያለውን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ተገላቢጦሹ አይሠራም።

1. ቡናው የሚፈላበትን ቦታ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ላይ አድርጉት። ቤት ውስጥ ቀርጾ ደጅ ካለ ብርሃን ጋር ማስታረቅ ለጀማሪ ከባድ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል።

2. ስልኩን ለኩና አቁሙ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ርቀት፣ ከፍታ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰዓቱ። በቃል እይዘዋለሁ አትበሉ።

3. ካሜራው ውስጥ ያለውን የምስል ማረጋጊያ አጥፉ። ስልኩ ቆሞ እያለ ማረጋጊያው ምስሉን ትንሽ ትንሽ ያንሸራትተዋል። ያኔ ትንሿ ሴት ረከቦቱ ላይ የምትንሸራተት ትመስላለች።

4. ስክሪኑን ረከቦቱ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ፕሮ የሚባል ምርጫ ያለው ስልክ ካላችሁ የቀለሙን ሚዛንም እዚያ ቆልፉ።

5. ካርቶን በ17 ሳንቲሜትር ቁመት ቁረጡ። ትንሿ ሴት የምትቆምበት ቦታ ላይ አቁሙትና 5 ሰከንድ ቅረጹ።

6. ካርቶኑን አንሱ። ስልኩን ሳትነኩ ባዶውን ረከቦት 10 ሰከንድ ቅረጹ።

7. አሁን እናትየው ትግባ። ካርቶኑ የነበረበትን ቦታ እያየች ትተውን።

ተራ ቁጥር 5ን ሰው ይንቀዋል። እኔም ባለፈው ክረምት ንቄው ሦስት ቀን አባክኛለሁ። ሴትየዋን ከፍ ዝቅ፣ ተለቅ አነስ ሳደርግ ዋልኩ፤ ትክክለኛው መጠን የቱ እንደሆነ የማውቅበት ነገር አልነበረኝም። ያቺ ቁራጭ ካርቶን አራት ነገር ትነግራችኋለች። ትንሿ ሴት ምን ያህል መሆን እንዳለባት፣ እግሯ የት እንደሚያርፍ፣ ጥላዋ ወዴት እንደሚወድቅና ምን ያህል እንደሚጠቁር፣ እናትየው ደግሞ የት ማየት እንዳለባት። ካርቶን ከረሳችሁ ተመለሱና እንደገና ቅረጹ። ከመገመት እሱ ይፈጥናል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ጭሱና እንፋሎቱ ትንሿ ሴት በምትቆምበት ፊት እንዳያልፍ ጀበናውን ወደ ኋላ አድርጉ። የእናትየውም እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በትንሿ ሴት ፊት ባያልፍ ይሻላል። ከኋላዋ ይለፍ።

4. ጨርቁን መስቀል

ጨርቁን በካውያ ተኩሱት። እያንዳንዱ ጭምድድ ጥላ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ጥላ ደግሞ ለአፑ ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ከአጣናው ላይ አንጠልጥሉት። ወደ መሬት ሲወርድ አታጥፉት፤ እንደ ወንዝ ጎበጥ ብሎ ይንጠፍ። ዳሩን በድንጋይ ያዙ። ስፌቱ ከተዋናይዋ ኋላ እንዳይውል ወደ ጎን አስጠጉት።

ተዋናይዋ ከተሰቀለው ጨርቅ 1 ሜትር ከ50 ወደ ፊት ትቁም። ከተጠጋች አረንጓዴው ትከሻዋና ጉንጯ ላይ ይንጸባረቃል፤ ያ ቀለም በኋላ አይለቅም።

ጨርቁ ስክሪኑን በሙሉ መሸፈን የለበትም። በ6 ሜትር ርቀት ላይ አጥሩም፣ ባልዲውም፣ የጎረቤት በግም ይታያሉ። ችግር የለም። አካሏን ብቻ ዙሪያውን ይክበባት፤ የቀረው በአፑ ይቆረጣል። እጇን ስትዘረጋ ግን ከጨርቁ እንዳትወጣ አስቀድማችሁ አሞክሯት።

ማስጠንቀቂያ። ብዙዎቹ እነዚህ ጨርቆች ፖሊስተር ናቸው። እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የቡናውን ከሰል ሙሉ በሙሉ ሳታጠፉ ጨርቁን አታውጡ።

በመብራት የምትቀርጹ ከሆነ ሁለት እኩል መብራት በግራና በቀኝ ጨርቁ ላይ ይብራ። ሦስተኛው ለተዋናይዋ ብቻ ይሁን። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖል በካሜራ ሲታይ ይርገበገባል። ፕሮ ውስጥ ሹተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ላይ ስታደርጉት ይረጋል። ዝናብ ባለበት ቀን ገመድ ደጅ አትዘርጉ።

5. ተዋናይዋን መቅረጽ

1. ከተዋናይዋ እግር እስከ ካሜራው ዓይን 6 ሜትር ለኩ። ከፍታውን 90 ሳንቲሜትር አድርጉ። በቱምቢ አረጋግጡ።

2. ብርሃኑን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ረከቦቱ ጋ ብርሃን ከግራ ከመጣ፣ እዚህም ከግራ ይምጣ። ካልሆነ ጨርቁን አዙሩ።

3. በ6 ሜትር ርቀት ላይ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ሆና ትታያለች። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ስልካችሁ 2 እጥፍ የሚያቀርብ ራሱን የቻለ ሌንስ ካለው ተጠቀሙበት፤ ምስሉ ይጠራል። አንዱን ብቻ ጠብቁ፦ አቅርቡ እንጂ አትጠጉ። የምስሉን ቅርጽ የሚወስነው የቆማችሁበት ቦታ ነው፤ ዙሙ አይደለም።

4. እናትየው የት እንዳለች ለተዋናይዋ ምልክት ስጧት። የእናትየው ፊት ከትንሿ ሴት 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ እዚህ 4 ሜትር ይሆናል። ረጅም አጣና ጫፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልሉና አንድ ሰው ከጎን ይያዝላት። ዓይኗ አየር ላይ ከተንከራተተ ተመልካች ወዲያው ያውቃል።

5. መጀመሪያና መጨረሻ ላይ 3 ሰከንድ ዝም ብላ ትቁም።

6. ከማፍረሳችሁ በፊት አንዱን ቅጂ እዚያው አፕ ላይ አስገብታችሁ ሞክሩ። ጨርቁ አንዴ ከወረደ ያው ቦታ፣ ያው ብርሃን አይገኝም።

6. ማዋሃድ

የምጽፈው ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ አሠራር ነው፤ ስልክ ላይ ይሠራል። ካይንማስተር በሚባለው አፕም ውስጥ አረንጓዴውን የሚያጠፋው ክሮማ ኪ አለ። ኮምፒውተር ያለው ዳቪንቺ ሪዞልቭን በነፃ አውርዶ መሥራት ይችላል።

ሀ. የቡናውን ቪዲዮ አስገቡ። መጀመሪያ ላይ ካርቶኑ ያለበት 5 ሰከንድ ይሁን።

ለ. የተዋናይዋን ቪዲዮ ኦቨርሌይ (ከላይ የሚደረብ) አድርጋችሁ ጨምሩ። ማስክ በሚለው ዙሪያዋን ቁረጡ፤ አጥሩና በጉ ይውጡ።

ሐ. ክሮማ ኪን ክፈቱ። ቀለም መልቀሚያውን ወደ ፀጉሯ ቀረብ ያለ አረንጓዴ ላይ አሳርፉት፤ ዳር ላይ ያለው ጨርቅ አይጠቅማችሁም። ኢንቴንሲቲን (የማጥፋቱን ኃይል) ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አረንጓዴው እንደጠፋ ቁሙ። ተጨማሪ አትጨምሩ። አፍሮ ወይም ያልተሠራ ፀጉር ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ። በፀጉሩ መሀል ያለውን ጥቂት አረንጓዴ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ ካላችሁ ፀጉሩ የተላጨ ይመስላል።

መ. ቁመቷን ከካርቶኑ ጋር አስተካክሉ። ጫማዋ የካርቶኑን ግርጌ፣ አናቷ የካርቶኑን ጫፍ ይንካ። ልኬታችሁ ትክክል ከሆነ ሌላ የምትነኩት ነገር አይኖርም። ከዚያ የካርቶኑን 5 ሰከንድ ቁረጡት።

ሠ. ጥላ ሥሩ። ጥላ የሌላት ሴት ትንሳፈፋለች፤ ብዙው ቪዲዮ የሚበላሸው እዚህ ነው። የተዋናይዋን ኦቨርሌይ ኮፒ አድርጉ። የታችኛውን ኮፒ ብርሃን እስኪጠቁር ዝቅ አድርጉ፣ ገልብጡት፣ አጭር አድርጉት፣ አደብዝዙት። ኦፓሲቲውን (ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ) 30 አካባቢ ጀምሩና ከካርቶኑ ጥላ ጋር አስተያዩ። ከጫማዋ ሥር ያለው ጥላ ጠቆር ይበል፤ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳ። ደጅ ጥላ ላይ ከቀረጻችሁ ረጅም ጥላ አይኖርም፤ ጫማዋ ሥር ያለችው ጥቁረት ብቻ ትበቃለች።

ረ. ከሲኒ ጀርባ አቁሟት። የቡናውን ቪዲዮ እንደገና ከሁሉም በላይ ኦቨርሌይ አድርጉ። በማስክ ሲኒውን ብቻ አስቀሩ። አሁን ጉልበቷ በሲኒው ይሸፈናል። ቪዲዮውን እውነት የሚያስመስለው ከሁሉም በላይ ይህ ነው፤ ከፊቷ የሆነ ነገር ሲኖር ዓይን እዚያ ቦታ ላይ አለች ብሎ ያምናል። ስልኩ አልተንቀሳቀሰም ስላልን ማስኩም አይንቀሳቀስም።

ሰ. ምስሏን አለዝቡ። ብዙ ጊዜ ከረከቦቱ ይልቅ እሷ የጠራች ትሆናለች። የምስሏን ጥራት በጥቂቱ ቀንሱ። ፍጥነቷን 1.2 ብታደርጉት ትንሽ ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚንቀሳቀስ ያምርበታል።

7. ግልባጩ፦ ግዙፍ ሰው

ቁጥሩ ያው 10 ነው፤ አሁን ታካፍላላችሁ። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 17 ሜትር ይሆናል። ኮዬ ፈጬ ካሉት የጂ ፕላስ 4 ሕንፃዎች በላይ አናቱ ይታያል።

ሕንፃውን በቆመ ሰው ዓይን ልክ፣ 1 ሜትር ከ60 ላይ ቅረጹ። ግዙፉ የሚቆምበት ቦታ 60 ሜትር ከራቀ፣ ጨርቁ ጋ 6 ሜትር ነው። ካሜራው ግን 16 ሳንቲሜትር ላይ ይወርዳል፤ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ልጆቹ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ግዙፉን ሰው ደረት ለደረት ይቀርጹታል፣ ከዚያ ግዙፍ አልሆነም ይላሉ።

እርምጃው መዝገም አለበት። ደንቡ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። ለ10 ሲሆን 3.2 ገደማ ማለት ነው። በሴኮንድ 120 ምስል ቀርጻችሁ በ3 እጥፍ አዝግሙት። ስልካችሁ ከ60 ካላለፈ በ2 እጥፍ አዝግሙና ተዋናዩ ራሱ ቀስ ብሎ ይራመድ። ልብሱ የሚውለበለብ አይሁን።

በበጋ አቧራው ሩቅ ያለውን ነገር ያነጣዋል። ግዙፉንም እንዲሁ ኮንትራስቱን ቀንሱለት፤ አለበለዚያ ከሕንፃው ፊት የቆመ አጭር ሰው ይመስላል።

ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ለብሎኩ ጥበቃ ንገሩ። ወታደራዊ ካምፕና የመንግሥት ተቋም በሚታይበት አቅጣጫ ካሜራ አታዙሩ።

8. ሲበላሽ

ጠርዟ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ። ወደ ጨርቁ ተጠግታ ነበር። መድገም ካልቻላችሁ የአረንጓዴውን ቀለም ጥንካሬ በኤችኤስኤል (እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው በሚስተካከልበት ምርጫ) ቀንሱ፤ ኢንቴንሲቲውን አትጨምሩ።

አካሏ ላይ ቀዳዳ አለ። ልብሷ ውስጥ አረንጓዴ አለ ወይም ኢንቴንሲቲው በዝቷል። ያንኑ ቪዲዮ ያለ ክሮማ ኪ ከሥር ደግማችሁ አስገቡ፣ በማስክ ደረቷን ብቻ አስቀሩ፤ ቀዳዳው ይደፈናል።

ብርሃኗ ብልጭ ድርግም ይላል። ደመና አልፏል ወይም ብርሃኑ አልተቆለፈም። ይህን በአፕ መጠገን ያደክማል። ድገሙት።

ጨርቁ ይውለበለባል። በጠዋት ቅረጹ። ወይም ከግርጌው አጣና ሰፍታችሁ አክብዱት።

ጫማዋ ጠፋ። መሬት ላይ ያለው ጨርቅ ጫማዋን አረንጓዴ አድርጎታል። ጥቁር፣ የማያብለጨልጭ ጫማ አልብሷት።

ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን አይመስልም። ከፍታውን ደግማችሁ ለኩ። ከአስር ዘጠኙ ጊዜ እሱ ነው።

ቪዲዮውን ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ የለፋችሁበት የፀጉር ጠርዝም ይጨማለቃል። በተለይ ገና ያልተሠራበትን አረንጓዴ ቪዲዮ ጨምቃችሁ ለሚያዋህደው ሰው አትላኩ። ጨርቁን ደግሞ አጥፋችሁ አታስቀምጡ። አጣናው ላይ ጠቅልሉት፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ካውያ አያስፈልገውም።